ኮከብ ቆጣሪዎች አይደለንም

በጥር 2015 ዓ.ም. ለአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ነበርን። በዓሉ ጥር 23 ቀን ይውላል። ቀን ግልቢያውንና ሶምሶማውን ስናይ ውለን፣ ማታ ብርዱ ሲጠና ጋቢያችንን ተከናንበን ከከተማው ወጣ ወዳለ ሜዳ ሄድን። የያዝነው አንድ አቅርቦ ማሳያ መነጽርና አንድ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ብቻ ነበር። ጨረቃዋ ሞላ ብላ ስለነበር ትንንሾቹን ከዋክብት ውጣቸዋለች፤ ጁፒተር ግን በምዕራብ በኩል ወለል ብሎ ይታያል። መነጽሩን ስናስተካክል ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ቆም አሉና «ልጆቼ፣ የማንን ኮከብ ልትቆጥሩ ነው?» አሉን።

ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ለልጃቸው ጠያቂ መጥቷል፤ ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ እንድናይላቸው ፈልገዋል። «እማማ፣ እኛ ኮከብ እናያለን እንጂ አንቆጥርም» አልናቸው። መነጽሩን አቀረብንላቸው። ጁፒተርንና በግራ ቀኙ የተደረደሩትን ነጠብጣብ ጨረቃዎቹን አዩ፤ «እሰይ!» አሉ። ጥቂት አሰብ አደረጉና ደግሞ ጠየቁን፦ «ታዲያ ካልቆጠራችሁት፣ ማየቱ ብቻ ምን ያደርግላችኋል?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ያን ማታ ግን መልስ አልነበረንም። ዛሬ የምንጽፈው ያን መልስ ፍለጋ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልንበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቆጣሪና ተመልካች

በእኛ አገር ሰማይን የሚያይ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ «ኮከብ ቆጣሪ» ነው፤ እሱ ስምና የእናት ስም ደምሮ፣ ቀሪውን ይዞ ዕጣ ፈንታ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ነው። እሱ ዕጣ ፈንታ አይናገርም፤ አጽዋማትና በዓላት መቼ እንደሚውሉ በፀሐይና በጨረቃ ዑደት ያሰላል። አበቅቴና መጥቅዕ እያለ ይቆጥራል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ19 ዓመት የሚዞር ንዑስ ቀመር አለው፤ በ76 ዓመት የሚዞር ማዕከላዊ ቀመር አለው፤ በ532 ዓመት የሚዞር ዐቢይ ቀመር አለው። ጎጃም ደግሞ የዚህ ትምህርት አገር ነው።

ስለዚህ ሰማይ ለእኛ ባዕድ ነው ብሎ የሚከራከረን ካለ ነገሩን ገልብጦታል። በግእዝ ሙሉ ሆኖ የተረፈው መጽሐፈ ሄኖክ እንኳ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት ጉዞ ይናገራል። ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ይዘረዝራል። አውሮፓ ይህን መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት አጥቶት ነበር። ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ የተመለሰው ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። ይኸው ሰውዬ በአገው ምድር መሣሪያ ዘርግቶ ከዋክብትን የለካም ነው። ታሪካችን ከእሱ ይጀምራል።

የአንድ ደቂቃ ስሕተት

ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ሐኪም ነኝ ይላል፣ ፈረሰኛ ነው፣ ነገረኛም ነው። በሙያ ደረጃ ግን የሥነ ፈለክ ባለሙያ አልነበረም፤ የዛሬ ሰው «አማተር» የሚለው ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ጓዙ ውስጥ ቴሌስኮፖች፣ ሰዓትና ኳድራንት የሚባል ትልቅ የነሐስ ማዕዘን መለኪያ ነበሩ። ኳድራንቱ ከባድ ስለነበር የታራንታን ተራራ የወጣው በሰው ትከሻ ነው። እንግዲህ የአገራችን ሰዎች ለሥነ ፈለክ የከፈሉት የመጀመሪያ መዋጮ የትከሻ ነው ማለት ይቻላል።

ኅዳር 4 ቀን 1770 ብሩስ የዓባይ ምንጭ ወደሆነው ጊሽ ደረሰ። ቦታው የዛሬው የአዊ ዞን ጎረቤት በሆነው ሰከላ ውስጥ ነው። በዚያን ዘመን በዙሪያው የሚኖሩት አገዎች ምንጩን በታላቅ አክብሮት ይጠብቁት ነበር። ብሩስ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ ፎከረ፤ ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር በ1618 ያን ምንጭ አይቶ ነበር። የአገሬው ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት እዚያው ነበር። የብሩስ አዲስ ሥራ ሌላ ነው፦ የምንጩን ቦታ በከዋክብት ለክቶ በቁጥር ጻፈ። ኬክሮሱን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሰሜን አለ። ኬንትሮሱን ከግሪንዊች 36 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ምሥራቅ አለ።

ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ነገር ነግረውናል፦ ቁጥር ሲሰጥህ ተቀብለህ አትለፍ፣ አጣራ። እኛም ካርታ ዘርግተን አጣራን። ኬክሮሱ የሚገርም ነው፤ ከዛሬው ልኬት ጋር ያለው ልዩነት ከጥቂት ኪሎ ሜትር አይዘልም። ኬንትሮሱ ግን ሳተ። ጊሽ ያለችው ወደ 37 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ብሩስ ምንጩን ከእውነተኛ ቦታው ወደ ምዕራብ በግምት 30 ኪሎ ሜትር አሸሸው። የት ወሰደው? ካርታው ላይ የብሩስ ቁጥር የሚያርፈው እንጅባራ አጠገብ ነው፤ እኛ መነጽራችንን ካቆምንበት ሜዳ ብዙም አይርቅም። የዓባይ ምንጭ በወረቀት ላይ ለጥቂት ጊዜ የእንጅባራ ጎረቤት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ኬክሮስ ለመለካት አንድ ኮከብ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማወቅ በቂ ነው። ኬንትሮስ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ 1 ዲግሪ ኬንትሮስ የ4 ደቂቃ ልዩነት ነው። አንተ ባለህበት ስንት ሰዓት እንደሆነና በዚያችው ቅጽበት ግሪንዊች ላይ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቅህ ቦታህን አወቅህ። ስልክ በሌለበት ዘመን ይህን ከሚነግሩት ሰዓቶች አንዱ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እሱም ጁፒተር ነው። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች እየዞሩ በጁፒተር ጥላ ውስጥ ይገባሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። የመጀመሪያዋ ጨረቃ ኢዮ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንዴ ትዞራለች። ከጥላው የምትገባበት ቅጽበት በየትኛውም አገር ላለ ተመልካች አንድ ነው። ብሩስ የተጠቀመው በዚችው በመጀመሪያዋ ጨረቃ ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን እንሥራ። የኬንትሮሱ ስሕተት ወደ 17 የማዕዘን ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት ሲመነዘር ከ1 ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሰዓቱ ትንሽ ሊዛባ ይችላል፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲታይ ጨረቃዋ ከጊዜዋ ቀድማ የጠፋች ትመስላለች፤ የዘመኑ የትንበያ ሠንጠረዦችም ከስሕተት የጸዱ አልነበሩም። አንድ ደቂቃ ስትሳሳት ወንዝህ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መደጋገም። ያችኑ ጨረቃ ከዚያው ቦታ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ያየ ሰው አማካዩን ይወስዳል፤ ስሕተቱም እያነሰ ይሄዳል። ብሩስ ግን ጊሽ የቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። መንገደኛ ነበር። የሚቆየው የአገሬው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ትከሻውን እንጂ ዓይኑን የጠየቀው አልነበረም። ብሩስ አብሮት የነበረውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን እንኳ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከጊሹ ጉዞ አውጥቶታል። ረዳቱን ከታሪክ ያወጣ ሰው ተሸካሚዎቹን እንዲያስገባ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ልኬቱ ሲሄድ

ከብሩስ በኋላም ነገሩ እንዲሁ ቀጠለ። አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ አገራችንን በማዕዘን መለኪያ እየለካ ዞረ፤ ጎጃምንም አቋርጧል። ሥራውን በኋላ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» ብሎ አሳተመ። ሀብቱን ግን ያፈሰሰው ፈረንሳይ አንዳይ ላይ ባሠራው ቤተ መንግሥትና በውስጡ ባቆመው የከዋክብት መመልከቻ ነው። በዚያ ቤት ግድግዳዎች ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ፊደላችን ከዋክብት መመልከቻ ቤት ውስጥ ገባ፤ ቤቱ ግን አንዳይ ነው።

ዳንግላም ድርሻ አላት። ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ነበረች። ቆንስሉ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከዚያ በፊት በዓረቢያ በረሃ የጃብሪንን ቦታ በካርታ ላይ በትክክል ያስቀመጠ ሰው ነው። ከዳንግላ እየተነሣ በበቅሎ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳርቻ አሰሰ። ውጤቱን በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። የዓባይ ጎርባጣ መንገድ በዓለም ካርታ ላይ መልክ የያዘው ዳንግላን መነሻው ባደረገ ሰው ነው። ዛሬ ከዳንግላ አንድ ተማሪ ይህን ያውቃል? ጠይቁና ንገሩን።

እነዚህን ሰዎች ልንወቅሳቸው አይደለም የምንጽፈው። ላባቸውን አፍስሰዋል። ችግሩ ልኬቱ ከለኪው ጋር መሄዱ ነው። አንድ አገር ሰማዩን ሌላ ሰው ለክቶለት ሲሄድ፣ ስሕተቱን የሚያርም ሰው እቤት አይቀርም።

47ቱ «እብዶች»

የሚቀር ሰው የመጣው በ2004 ነው። 47 ሰዎች ተሰብስበው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን መሠረቱ። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ የሰማይ ፍቅር ያሰባሰባቸው ማኅበርተኞች ነበሩ። በሕዝብ ዘንድ የገጠማቸውን መገመት አያቅትም፦ «ሕዝቡ እህል ሲያጣ እናንተ ኮከብ ታያላችሁ?» በኋላ የእንጦጦን ማዕከል የመሩት ዶክተር ሰሎሞን በላይ በ2015 ለውጭ ጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ሰዎች እብድ ይሏቸው እንደነበርና የባለ ሥልጣናቱም ሐሳብ የምግብ ዋስትና ብቻ እንደነበር አስታውሰዋል።

ማኅበሩ በየትምህርት ቤቱ ክበባት አቋቋመ፤ ቅርንጫፎች ከፈተ። በጥቅምት መጀመሪያ ከ4 እስከ 10 የሚከበረውን የዓለም የስፔስ ሳምንት ከተማሪዎች ጋር ያከብራል። ቴሌስኮፕ ወደ ሜዳ አውጥቶ ሕዝብ ማሰለፍም አንዱ ሥራው ነው። ሥርዓቱን ላላያችሁ፦ ሰው ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጎነበሳል፣ የጨረቃን ጉድጓዶች ወይም የሳተርንን ቀለበት ያያል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቴሌስኮፑን ከፊት ይፈትሻል፤ ሥዕል ለጥፈውበት እንደሆነ ለማረጋገጥ። አዛውንትም ሕፃንም ይህን ያደርጋል።

በ2015 በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ወጪው 3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ሼህ መሐመድ አላሙዲ ሸፈኑት። በ2016 መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋመ፤ ይህ ተቋም በ2022 ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዷል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ደግሞ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ተወነጨፈች፤ ሥራዋ መሬትን፣ እርሻንና አየር ንብረትን ከላይ ማየት ነበር። «እህል ሲጠፋ ኮከብ ምን ያደርጋል» ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለንም። ከማኅበር ወደ ቴሌስኮፕ፣ ከቴሌስኮፕ ወደ ሳተላይት የደረሰው በ15 ዓመት ነው።

በዚያው በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ዕድል ሰጠ። ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» አለችው። ኮከቡ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። በዓይን ብቻ አይታይም፤ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ግን ይደረስበታል። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ በምሽት ፈልጉት። ኮከቡ ስማችንን ይዟል፤ ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተነዋል?

ክበቡ ለአዊ ምን ይሠራል?

የሳተላይቱ ነገር ደስ ይላል፤ ግን የሳተላይት ሥራ አዲስ አበባ ይቀራል። ሰማዩ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በመብራት ታጥቦ አልቋል። ጥቁሩ ሰማይ ያለው እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብ እንደ ተበተነ ዱቄት ይታያል። አዊ በ11 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለሆነ አውሮፓ የማያየው የደቡብ መስቀል በግንቦት ምሽት በደቡብ አድማስ ላይ ይወጣል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የዋልታው ኮከብ አለ። ሁለቱንም ከአንድ ሜዳ ማየት የብዙ አገር ሰው የማያገኘው ሀብት ነው።

የብሩስን ልኬትም መድገም ይቻላል፤ ቴሌስኮፕ እንኳ አያስፈልግም። የዋልታው ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ ከቆማችሁበት ኬክሮስ ጋር በግምት እኩል ነው። ክንዳችሁን ወደፊት ዘርጉ፤ የተጨበጠ እጅ ወርድ በግምት 10 ዲግሪ ይሸፍናል። አድማሱ ሜዳ ከሆነ የዋልታው ኮከብ ከአንድ ጡጫ ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል። 10 ዲግሪና ጥቂት፤ ብሩስ በሰው ትከሻ ባሸከመው ኳድራንት ያገኘው ይህንኑ ነው! አሥር ተማሪ አሥር ማታ ለክቶ በደብተር ቢጽፍና አማካዩን ቢያወጣ፣ እንጅባራ ኬክሮሷን በራሷ ልጆች እጅ ለካች ማለት ነው። ትንሽ ቴሌስኮፕ ያገኘ ክበብ ደግሞ ኢዮን በስልክ ሰዓት እየጠበቀ ያቺን የአንድ ደቂቃ ስሕተት ማረም ይችላል። ሌላም ሥራ አለ፦ ሽማግሌዎች ለከዋክብት የሚሰጡትን የአገውኛ ስም መጠየቅና መጻፍ። ይህን ሥራ ከውጭ የሚመጣ ቴሌስኮፕ አይሠራልንም።

ማኅበር ማቆም አይከብድም ወይ የሚለን ካለ አዊን አያውቅም። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ የዓድዋን ፈረሶች ውለታ እያስታወሰ ከዘመን ዘመን ተሻግሯል። ያን ማኅበር ያኖረው ገንዘብ አይደለም፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ መገናኘቱ ነው። ለኮከብ ክበብም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ቀን ቆርጦ መገናኘት፣ መድገም፣ መጻፍ።

አንድ እንቅፋት ግን አለ፤ ሳንጠቅሰው ብንቀር መዋሸት ይሆናል። ኮከብ የሚታየው ማታ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ስትሆን፣ በክልሉ ሌሎች ስፍራዎችም እንደ ማጭድ ቀጥና ስትታይ፣ ኮሮና መጥቶ ሕዝብ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። የዘመኑ ታላቅ ትርኢት ያለ ጉባኤ አለፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ከተሞች የሰዓት እላፊ አይተዋል፤ ማታ ከደጅ መውጣት የሚያስፈራበት ጊዜ መጥቷል። ያን የጥር ምሽት መለስ ብለን ስናስብ የምንናፍቀው ጁፒተርን አይደለም። አንዲት እናት በጨለማ ከገበያ ስትመለስ የማታውቃቸውን ወጣቶች ሜዳ ላይ አይታ ሳትፈራ መቆሟን ነው። ኮከብ የሚያይ ክበብ ከቴሌስኮፕ በፊት ሰላም ያለው ሌሊት ይፈልጋል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ ቀጠሮ አለ። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅና በየመን በኩል ያልፋል፤ ለእኛ ከፊሉ ይደርሰናል። ክረምት ነው፤ የአዊ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ቢሆንም የሚጠብቅ ሰው ሜዳው ላይ ይኑር። ደመናም ቢሆን በደብተር ይጻፋል።

እማማ፣ ያን ማታ ያልመለስንልዎ መልስ ይኸውልዎ። ልክ ነበሩ፤ ማየት ብቻውን አይበቃም። የልጅዎን ዕጣ ለመናገር አንችልም፤ ነገር ግን ሌሊቶቹን፣ ደቂቃዎቹንና ዲግሪዎቹን መቁጠር አለብን። ሳይቆጥሩ የሚያዩትን ሌላ ሰው ቆጥሮ ይወስደዋል፤ ሲሳሳትም ወንዝዎን 30 ኪሎ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። ስንመለስ መነጽሩንም ደብተሩንም ይዘን እንመጣለን።

ሰላም ያለው ሌሊት ያምጣልን።